ፖላራይዘሩ ያልነካው ቆርቆሮ፦ ከጦሳ ላይ የተነሳ አንድ የደሴ ፎቶ

አንድ የደሴ ሆቴል ለመቀበያ ክፍሉ ግድግዳ 3 ሜትር በ1 ሜትር የሆነ የከተማዋን ሰፊ ፎቶ አዘዘ። የተፈለገው ከጦሳ ተራራ ላይ ወደ ምሥራቅ ሲታይ ያለው ገጽታ ነው፤ በግራ በኩል ወደ ሐይቅ ከተማ፣ በቀኝ በኩል ወደ ኮምቦልቻ የሚያመራው አቅጣጫ፣ ከከተማዋ ባሻገር አዝዋ ገደል፣ ከላይ የኅዳር ጥርት ያለ ሰማይ። ሥራውን የተረከበው ባለሙያ ፎቶውን በፖላራይዘር ፊልተር (ሌንስ ፊት ታሥሮ በቀለበቱ የሚዞር፣ በአንድ አቅጣጫ የሚወዛወዘውን ብርሃን አሳልፎ ሌላውን የሚዘጋ መስታወት) አንስቶ በትንሽ መጠን የሙከራ ህትመት አቀረበ። የሆቴሉ ባለቤት አልተቀበሉትም። ቅሬታቸው ሁለት ነበር። የቤቶቹ ጣሪያ ዓይን እስኪያጭበረብር ያበራል፤ ሰማዩ ደግሞ በግራ በኩል የመሸ፣ በቀኝ በኩል ገና የነጋ ይመስላል።

ሁለቱም ቅሬታዎች ትክክል ናቸው፤ ሁለቱም ከዚያው ፊልተር ጋር የተያያዙ ናቸው። ፖላራይዘር ነጸብራቅ ያጠፋል፣ ሰማይ ያጠቁራል ተብሎ ይሸጣል። እዚህ ግን ነጸብራቁ አልጠፋም፣ ሰማዩም የጠቆረው በአንድ ጥግ ብቻ ነው። ምክንያቱ ሲፈተሽ ፊልተሩ ደህና ሆኖ ተገኘ። ችግሩ ከአንድ ቀለበት በአንድ ጊዜ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች መጠየቃቸውና ከሁለቱ አንዱ ደግሞ ፊልተሩ ፈጽሞ የማይሠራው መሆኑ ነበር።

የመጀመሪያው ፎቶ እንዴት ተነሳ

ካሜራው 24 ሜጋፒክስል (6000 በ4000) የሆነ፣ ኤፒኤስ-ሲ የሚባለው መካከለኛ መጠን ሴንሰር ያለው ዲኤስኤልአር (ውስጡ መስታወት ያለው ካሜራ) ነው። ሌንሱ አብሮት የሚሸጠው 18–55 ሚሊሜትር፣ የቆየው ዓይነት፣ የፊልተር ጥርሱ 58 ሚሊሜትር። ፖላራይዘሩ የታሠረው ለመከላከያ ሌንሱ ላይ ከተቀመጠው የዩቪ ፊልተር በላይ ተደርቦ ነው። ቀኑ ኅዳር 10 አካባቢ፣ ሰዓቱ ከጠዋቱ 1:30። ሌንሱ 18 ላይ ተደርጎ፣ ካሜራው በአግድም በእጅ ተይዞ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ሦስት ፎቶ ተነሳ። ኤክስፖዠሩም (የሚገባው ብርሃን መጠን)፣ ዋይት ባላንሱም (የቀለም ሚዛኑ)፣ ፎከሱም አውቶ ላይ ነበሩ። የፊልተሩ ቀለበት የዞረው አንዴ ብቻ ነው፤ በግራኛው ፎቶ ላይ ሰማዩ በጣም እስኪጠቁር ድረስ።

ቀለበቱን ከዚያ በኋላ እጅ አልነካውም፤ ግን ዞሯል። የቆዩት 18–55 ሌንሶች ፎከስ ሲያደርጉ የፊታቸው ክፍል አብሮ ይሽከረከራል። አውቶ ፎከሱ በእያንዳንዱ ፎቶ ላይ ትንሽ ወደፊት፣ ትንሽ ወደኋላ ሲል ፊልተሩም አብሮ ይዞራል። ይህን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ፊልተሩ ጠርዝ ላይ በነጭ ቀለም አንድ ነጥብ አድርጎ፣ ሹተሩን ግማሽ ተጭኖ፣ ነጥቡ ይንቀሳቀስ እንደሆነ ከፊት ማየት ነው። አዲሶቹ የዚህ ሌንስ ዓይነቶች ፊታቸው አይዞርም። የሚዞር ሌንስ ያለው ሰው ቅደም ተከተሉን መለወጥ አለበት፦ መጀመሪያ ፎከስ፣ ቀጥሎ ሌንሱን ወደ ማንዋል ማዛወር፣ በመጨረሻ ቀለበቱን ማስተካከል።

የተደረቡት ሁለት ፊልተሮች 18 ሚሊሜትር ላይ የፎቶውን አራት ጥጎች አጨልመዋል። ሦስቱ ፎቶዎች ሲገጣጠሙ የጨለሙት ጥጎች መሃል ላይ ወድቀው እንደ መጋረጃ እጥፋት ታዩ። ይህኛው በቀላሉ የሚታረም ነው፤ ፖላራይዘር ሲገባ ዩቪው ይወጣል። ሁለት ፊልተር ተጣብቆ አልላቀቅ ካለ በጣት ቆንጥጦ መታገል ቀለበቱን ያጣምመዋልና፣ የላይኛውን ጠርዝ ዙሪያውን በላስቲክ ጠቅልሎ በመዳፍ ሙሉ፣ ሳይጫኑ ማዞር ይሻላል።

ፊልተሩ ራሱ ደህና ነው?

ከማንኛውም ነገር በፊት የተፈተሸው ይህ ነበር፤ መፈተሽም ይገባዋል። ዩቪ መስታወት በፖላራይዘር ስም የሚገዛበት አጋጣሚ አለ። ሁለት ፈተና በቂ ነው።

አንደኛው በላፕቶፕ ስክሪን ነው። ስክሪኑ ላይ ነጭ ገጽ ከፍቶ፣ የፊልተሩን የፊት ገጽ (የሌንስ ክዳን የሚገባበትን) ወደ ስክሪኑ አድርጎ በዓይን እያዩ ማዞር። እውነተኛ ፖላራይዘር ከሆነ በአንድ ቦታ ላይ ስክሪኑ ይጨልማል፣ ሩብ ዙር ሲጨመር መልሶ ይበራል። ምንም ለውጥ ከሌለ የተያዘው ተራ መስታወት ነው።

ሁለተኛው ሰርኩላር (ሲፒኤል) ይሁን ሊኒየር የሚለይ ነው። መስታወት ፊት ቆሞ አንድ ዓይን ጨፍኖ፣ ፊልተሩን በተከፈተው ዓይን ፊት ይዞ፣ መስታወቱ ውስጥ ያለውን ፊልተር ማየት። ሌንሱ ላይ የሚታሠረው ጥርስ ወደ መስታወቱ ሲዞር ፊልተሩ ጠቁሮ ዓይንን ከሸፈነና ሲገለበጥ ዓይን በግልጽ ከታየ፣ ሰርኩላር ነው። በሁለቱም በኩል እኩል ብሩህ ከሆነ ሊኒየር ነው። ልዩነቱ ከፖላራይዘሩ ጀርባ የተለጠፈች አንዲት ስስ ንብርብር ናት፤ አንድ አቅጣጫ የያዘውን ብርሃን ወደ ካሜራው ከመግባቱ በፊት መልሳ እንዲሽከረከር ታደርገዋለች። ዲኤስኤልአር ውስጥ ያለው መስታወት ብርሃኑን ለፎከስና ለልኬት ሲከፋፍል ሊኒየር ፊልተር ልኬቱን ያሳስተዋል፣ ፎከሱንም ያንገላታዋል። መስታወት አልባ በሆኑት ሚረርለስ ካሜራዎች ላይ ሊኒየሩም ያለ ችግር ይሠራል።

በዚህ ጉዳይ ፊልተሩ ትክክለኛ ሰርኩላር ነበር። ስለዚህ ጥፋቱ ሌላ ቦታ ተፈለገ።

ሰማዩ ለምን ለሁለት ተከፈለ

ከፀሐይ በቀጥታ የሚመጣ ብርሃን በሁሉም አቅጣጫ ይወዛወዛል። አየር ላይ ተበትኖ ሰማዩን ሰማያዊ የሚያደርገው ብርሃን ግን በከፊል በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይወዛወዛል፤ ፖላራይዝ ሆኗል የሚባለው ይህ ነው። መጠኑ በሰማዩ ሁሉ እኩል አይደለም። ከፀሐይ 90 ዲግሪ ርቆ ባለው ቀበቶ ላይ ከሁሉ ይበልጣል፣ ወደ ፀሐይ ሲጠጉም ከፀሐይ ተቃራኒ ሲዞሩም እያነሰ ይሄዳል። ቀበቶው ያለበትን ለማወቅ ጠቋሚ ጣትን ወደ ፀሐይ ቀስሮ አውራ ጣትን በቀኝ ማዕዘን መዘርጋት፣ ከዚያ ጠቋሚ ጣቱ ሳይነቃነቅ እጅን ማሽከርከር ነው፤ አውራ ጣት የሚያልፍበት ሰማይ ሁሉ ፊልተሩ የሚያጠቁረው ነው።

ደሴ ከምድር ወገብ 11 ዲግሪ ያህል ወደ ሰሜን ናት። በኅዳር 10 አካባቢ ከጠዋቱ 1:30 ላይ ፀሐይ ከአድማስ 15 ዲግሪ ገደማ ከፍ ብላ፣ ከምሥራቅ ወደ ደቡብ 24 ዲግሪ ያህል አዘንብላ ትገኛለች። ከጦሳ ወደ ምሥራቅ የሚያየው ካሜራ ፊቱን የሰጠው ለፀሐይ ነው። የታዘዘው ፎቶ 85 ዲግሪ ያህል ስፋት ስላለው ግራ ጫፉ ከፀሐይ 68 ዲግሪ ሲርቅ መሃሉ 28፣ ቀኝ ጫፉ 24 ዲግሪ ብቻ ይርቃል። ለጠራ አየር የሚሠራው ስሌት ሲገባበት የሰማዩ ብርሃን ፖላራይዝ የሆነበት መጠን በግራ ጫፍ 75 በመቶ፣ በመሃል 13፣ በቀኝ ጫፍ 9 ነው። እውነተኛው ሰማይ ከስሌቱ ዝቅ ይላል፣ ምጣኔው ግን ያው ነው። ግራው ለፊልተሩ ታዘዘ፣ መሃሉና ቀኙ የሚታዘዝበት ነገር አልነበረውም። ደሴ 2500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በመሆኗ ሰማይዋ ያለ ፊልተርም ጥልቅ ሰማያዊ ነው፤ እላዩ ላይ ሙሉ ፖላራይዘር ሲጨመር ወደ ቀለም ጥቁረት ይሄዳል። የመሸ የመሰለው ግራ ጥግ ይህ ነው።

ይህ ከሌንስ ስፋት ጋር የተያያዘ የታወቀ ነገር ነው። በኤፒኤስ-ሲ ካሜራ 18 ሚሊሜትር በአግድም 64 ዲግሪ ያህል ይይዛል፤ በዚያ ስፋት ውስጥ ቀበቶውም ከቀበቶው ውጪ ያለውም ሰማይ አብረው ይገባሉ። ሰማይ የሚበዛበት ሰፊ ፎቶ፣ ይልቁንም ገጥመው የሚሠሩት ፓኖራማ፣ ፖላራይዘር የሚገባበት ቦታ አይደለም። በዚህ ላይ የሚያወላዳ ነገር የለም።

ወደ ቆርቆሮው ስንመጣ

ሰማዩ ቀላሉ ክፍል ነበር። ጣሪያው ነው የከበደው፤ ለደሴም ሆነ ለኮምቦልቻ ፎቶ አንሺ የሚጠቅመውም ይኸኛው ነው፤ ሁለቱም ከተሞች ከላይ ሲታዩ የቆርቆሮ ባሕር ናቸውና።

ፖላራይዘር የሚያጠፋው ውሃ፣ መስታወት፣ ቅጠል፣ ቀለምና ቫርኒሽ የመሰሉ ብረት ያልሆኑ ነገሮች ላይ የሚነጥረውን ብርሃን ነው። እነዚህ ነገሮች ብርሃኑን ሲመልሱ አንዱን አቅጣጫ ከሌላው አብልጠው ይመልሳሉ። ከገጹ ቀጥ ብሎ ከሚነሳው መስመር ሲለካ በውሃ 53 ዲግሪ፣ በመስታወት 56 ዲግሪ አካባቢ ላይ የሚመለሰው ብርሃን ሙሉ በሙሉ አንድ አቅጣጫ ብቻ ይይዛል፤ ፊልተሩ እሱን ሲዘጋ ነጸብራቁ የነበረ አይመስልም። ራቁቱን ያለ ብረት ግን ሁለቱንም አቅጣጫ ከሞላ ጎደል እኩል ይመልሳል። ቆርቆሮ ላይ የተለበጠው ዚንክ ብረት ነው። ከአዲስ ዚንክ ላይ ተንጥራ የመጣችን ፀሐይ ፊልተሩ የሚይዝበት መያዣ የለውም፤ ቀለበቱ ሙሉ ዙር ቢዞር ብልጭታዋ አትነቃነቅም።

ፎቶው ውስጥ ሦስት ዓይነት ጣሪያ ነበር። አዲስ ራቁት ቆርቆሮ፣ ዝናብና ፀሐይ ያደበዘዘው ወይም የዛገ አሮጌ ቆርቆሮ፣ እና ቀይ፣ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ቀለም ቅብ ቆርቆሮ። አሮጌው ብርሃኑን ስለሚበትነው ችግር አይፈጥርም። አዲሱ ለፊልተሩ አይታዘዝም። ቀለም ቅቡ ግን ሊታዘዝ ይገባው ነበር፤ ብርሃኑ የሚነጥረው ከብረቱ በፊት ከቀለሙ ገጽ ላይ ስለሆነ። ሆኖም የሙከራ ህትመቱ ላይ ቀለም ቅቦቹም ነጭ ሆነው ነው የወጡት። ይህ ለምን ሆነ?

መልሱ ቀለበቱ የተዞረበት ላይ ነው። ቀለበቱ የተስተካከለው ሰማዩን እያዩ ነው። ፀሐይ ዝቅ ባለችበት ሰዓት በግራ ጫፍ ያለው ሰማይ የያዘው አቅጣጫ ወደ ቁም የተጠጋ ነው። እሱን ለመዝጋት ፊልተሩ አግድሙን እንዲያሳልፍ መሆን አለበት፤ በዚህ ፎቶ ከአግድም የራቀው 16 ዲግሪ ብቻ ነበር። እንደ ጣሪያ፣ ውሃና አስፋልት ካሉ ለጥ ያሉ ገጾች የሚነጥረው ብርሃን የሚይዘው አቅጣጫ ግን አግድም ነው። ስለዚህ ያ ቀለበት ሰማዩን ሲያጠቁር አግድም አቅጣጫ ከያዘው የጣሪያ ነጸብራቅ 92 በመቶውን በር ከፍቶ አሳለፈው። ሰማይን የሚያጠቁረውና ጣሪያን የሚያለዝበው የቀለበት ቦታ ጠዋትና ማታ ሩብ ዙር ያህል ይራራቃሉ። ሰማይ እያየ ቀለበት የሚያዞር ሰው መሬቱን ሳያውቀው እያባባሰው ነው።

በዚህ ላይ አውቶ ኤክስፖዠሩ ተጨመረ። ፖላራይዘር ከብርሃኑ ከ1 ከሩብ እስከ 2 ስቶፕ ይወስዳል፤ አንድ ስቶፕ ብርሃኑ በግማሽ መቀነሱ ነው። ካሜራው የጠፋውን ለመተካት ሹተሩን ያዘገያል፣ የሚያሰላውም በአማካይ ነው። ቅጠሉና ጥግ ላይ ያለው ሰማይ ከሌላው ይበልጥ ስለጠቆሩ አማካዩ ዝቅ አለ፤ ራቁቱ ዚንክ ግን የቀነሰው ከእነሱ ያነሰ ነው። ውጤቱ ግልጽ ነው፦ ፊልተሩ ያልያዘው ብልጭታ ከፊልተሩ በፊት ከነበረው ይልቅ ጎላ። ካሜራው ሳይጨምቅ በሚያስቀምጠው ጥሬ (ሮው) ፋይል ውስጥ ሳይቀር እነዚያ ጣሪያዎች ምንም ዝርዝር አልቀራቸውም፤ በኮምፒውተር የሚመለስ ነገር አልነበረም።

ብልጭታው ከየት እንደመጣም መታየት አለበት። ጣሪያ ፀሐይን ወደ ካሜራ የሚመልሰው የጣሪያው ገጽ በፀሐይና በካሜራው መሃል በትክክል ሲያይ ነው። ከጠዋቱ 1:30 ፀሐይ ከምሥራቅ 15 ዲግሪ ከፍ ብላለች፤ ካሜራውም ከጣሪያዎቹ ሲታይ በምዕራብ ከፍ ብሎ ተቀምጧል። ከመሃል ወደ ቀኝ ባለው የፎቶው ክፍል ፀሐይን ወደ ካሜራው ለመመለስ የሚያስፈልገው የጣሪያ ዝንባሌ ከዜሮ እስከ 25 ዲግሪ ያህል ነው፤ ተራው የቆርቆሮ ቤት ጣሪያ በሙሉ ማለት ይቻላል። የቆርቆሮው ሞገድ ደግሞ ብልጭታውን እንደ ማራገቢያ ስለሚዘረጋው ዝንባሌው በትክክል ባይገጥምም ይደርሳል። ጠዋት ከጦሳ ወደ ኮምቦልቻ አቅጣጫ ማንሳት ማለት አንድ ሺህ ትንንሽ መስታወት ፊት መቆም ነው።

ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ግን ፀሐይ በደቡብ ምዕራብ፣ ከካሜራው ጀርባ፣ 37 ዲግሪ ላይ ትሆናለች። ያን ጊዜ ፀሐይን ወደ ካሜራው ለመመለስ ጣሪያው 60 ዲግሪ ያህል መዝመም አለበት። እንደዚያ የቆመ የቆርቆሮ ጣሪያ የለም። ፊልተር ያልቻለውን ሰዓት ይችለዋል።

ሁለተኛው ማንሳት

የተመረጠው ሰዓት ከ8:30 እስከ 9:30 ነው። ከዚያ ማዘግየት አያዋጣም፤ ፀሐይ ዝቅ ባለች ቁጥር የጦሳ ጥላ ከተራራው ሥር ያሉትን ሰፈሮች ቀድሞ ይሸፍናል። ከዚያ ማስቀደምም ጥላ አልባ ጠፍጣፋ ብርሃን ያመጣል።

የፎቶው ብዛትና የሌንሱ ርዝመት ከህትመቱ ተነስቶ ተሰላ። ከሁለትና ሦስት ሜትር ርቀት ለሚታይ ግድግዳ በአንድ ኢንች 120 ነጥብ ይበቃል። 3 ሜትር 118 ኢንች ነው፤ ስለዚህ ወርዱ 14,173 ፒክስል፣ ቁመቱ 4,724 ፒክስል ይፈልጋል። ካሜራው በቁም ሲያዝ አንዱ ፎቶ 4000 ፒክስል ወርድና 6000 ፒክስል ቁመት ይሰጣል። ሌንሱ 35 ሚሊሜትር ላይ ሲሆን አንዱ ፎቶ 24 ዲግሪ ይሸፍናል። 30 በመቶ ተደራርቦ ካሜራው በየፎቶው 17 ዲግሪ ይዞራል፤ አምስት ፎቶ 92 ዲግሪ ይሞላል። ከላይና ከታች ለመከርከም ከ1200 ፒክስል በላይ ይተርፋል። በ18 ሚሊሜትር የተነሱት የመጀመሪያዎቹ ፎቶዎች ለዚህ መጠን ያንሱ ነበር፤ ሰማዩ ባይበላሽ ኖሮ እንኳ ግድግዳው ላይ ይደበዝዙ ነበር።

ሥራው በዚህ ቅደም ተከተል ተከናወነ።

ትራይፖዱ ቆሞ ከመሃሉ ዘንግ ላይ ድንጋይ የተሞላ ፌስታል ተንጠለጠለ፤ ከሰዓት በኋላ ጦሳ ላይ ነፋስ አለ። የትራይፖዱ ራስ በውሃ ልክ ተስተካክሎ ዙሪያው ላይ ወረቀት ፕላስተር ተለጥፎ በየ17 ዲግሪው አምስት መስመር ተሰመረ። ሌንሱ ሩቅ ባለው የከተማዋ ክፍል ላይ ፎከስ ተደርጎ ወደ ማንዋል ተዛወረ፣ የፎከስ ቀለበቱም በፕላስተር ታሸገ። የዩቪው ፊልተር ወጣ። ዋይት ባላንሱ ፀሐይ ላይ ተቆለፈ። ኤክስፖዠሩ ማንዋል ሆኖ የተለካው ከሁሉም ብሩህ በሆነው አዲስ ቆርቆሮ ላይ ነው፤ አይኤስኦ 100፣ ኤፍ 8፣ 1/320። ካሜራው ላይ የሚብለጨለጨው ማስጠንቀቂያ አንድም ጣሪያ ላይ እስከማይታይ ድረስ ሂስቶግራሙ (የብርሃን ስርጭቱን የሚያሳየው ግራፍ) ተፈተሸ።

የመጀመሪያው ዙር አምስት ፎቶ ያለ ፊልተር ተነሳ። ይህ ለሰማዩ ነው።

ሁለተኛው ዙር በፊልተር ነው፤ ለከተማዋና ከፊት ላሉት ዛፎች። እዚህ ቀለበቱ የተስተካከለው ሰማይን በማየት ሳይሆን ለጥ ያለ ነገር ላይ ነው፤ ከዋናው ሥራ በፊት በመኪና ኮፈን ላይ የሚታየው ነጸብራቅ እስኪጠፋ ድረስ ዞሮ ቀለበቱ ላይ ነጭ ነጥብ ተደረገ። ካሜራው በቁም ሲያዝ ፊልተሩም አብሮ ስለሚዞር ነጥቡ መደረግ ያለበት ካሜራው በሚሠራበት አያያዝ ነው፤ በአግድም ተለክቶ በቁም ከተነሳ ልኩ በትክክል ተገላቢጦሽ ይሆናል። ካሜራው በውሃ ልክ ወደ ጎን ብቻ እስከዞረ ድረስ የለጥ ገጽ ነጸብራቅ በሁሉም አቅጣጫ አግድም ነውና ነጥቡ ለአምስቱም ፎቶ ያገለግላል። ሹተሩ ከ1/320 ወደ 1/125 ወረደ፤ 1 ከሲሶ ስቶፕ ማለት ነው። አይኤስኦውና ኤፉ አልተነኩም።

ፊልተሩን ሲያስሩ ሌንሱን አለመግፋት ዋናው ጥንቃቄ ነው። በዚያ የሚዞር ፊት ባለው ሌንስ ላይ ፊልተር ማጥበቅ ፎከሱን ይጎትተዋል። ስለዚህ በአንድ እጅ የሌንሱን ፊት ይዞ በሌላው ማሠር፣ ካሠሩ በኋላም በካሜራው ስክሪን (ላይቭ ቪው) አጉልቶ ፎከሱን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ሁለቱ ዙሮች በአጠቃላይ ከአስር ደቂቃ በታች መጨረስ አለባቸው። ጥላ ይንቀሳቀሳል፤ ከየጓሮው የሚነሳው ጭስም ቦታውን ይለውጣል።

ፊልተሩ ለከተማዋ የሰጠው ምንድን ነው? ቀለም ቅብ ጣሪያዎቹ ከሰዓት በኋላ ፀሐይን ባይመልሱም የምሥራቁን ሰማይ ይመልሳሉ፣ ይህም ቀለማቸውን ያነጣዋል። ከጦሳ ከፍ ብሎ ቅርብ ያሉትን ጣሪያዎች በደህና ዘቅዝቆ ስለሚያይ በእነሱ ላይ ነጸብራቁ ሙሉ በሙሉ ማለት ይቻላል ጠፋ። ራቅ ያሉት በጣም ተጋድመው ስለሚታዩ ከግማሽ በላይ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። ከፊት ያለው ባሕር ዛፍ ትልቅ ለውጥ አሳየ፤ ቅጠሉ ሰም ስላለበት ያለ ፊልተር ግራጫማ ሆኖ የሚወጣው አረንጓዴውን አገኘ። ቅጠል በሁሉም አቅጣጫ ስለሚያይ የሚለዝበው ከፊሉ ነው፤ ያም ይበቃል።

አዝዋ ገደል ላይ የነበረው ጉም መሰል ነገር ግን እምብዛም አልተነቃነቀ። ከቀኑ 9 ሰዓት የፎቶው መሃል ከፀሐይ 130 ዲግሪ ይርቃል፤ እዚያ የአየሩ ብርሃን ፖላራይዝ የሚሆነው በስሌት 42 በመቶ፣ በግራ ጫፍ 24 በመቶ ብቻ ነው። ከዚያ ሁሉ በላይ አቧራና ጭስ ቅንጣታቸው ትልቅ ስለሆነ የሚበትኑት ብርሃን ለፊልተሩ እጁን አይሰጥም። ፖላራይዘር የሚገፈው የጠራ አየርን ሰማያዊ ጭጋግ ነው። የቆላውን አቧራ የሚያጥበው ዝናብ ነው፤ እንዲህ ላለው ሥራ ክረምቱ እንደወጣ ያሉት የመስከረም መጨረሻና የጥቅምት ቀናት ከኅዳር ይሻላሉ።

ማገጣጠሙ

አምስቱ ያለ ፊልተር የተነሱ ፎቶዎች ሁጊን በሚባለው ፎቶ ማገጣጠሚያ ፕሮግራም ለብቻቸው ተገጣጠሙ፤ የአቀማመጥ ስሌቱ ተቀምጦ በፊልተር የተነሱት አምስቱም በዚያው ስሌት ተገጣጠሙ። ይህ ሁለቱ ፓኖራማዎች ፒክስል በፒክስል እንዲገጥሙ ያደርጋል። ሁለቱን ለየብቻ እንዲያሰላቸው መተው ስህተት ነው፤ ጥቂት ፒክስል ይንሸራተታሉ፣ አድማሱም ድርብ ይሆናል። ቀጥሎ በፊልተር የተነሳው ከላይ፣ ያለ ፊልተር የተነሳው ከታች ሆኖ በማስክ (የንብርብሩን ከፊል በሚሸፍን መጋረጃ) የላይኛው ሰማይ ተሸፍኖ የታችኛው እንዲታይ ተደረገ። የማስኩ ጠርዝ በአዝዋ ገደል ጫፍ ላይ ከ40 እስከ 60 ፒክስል ተለሰለሰ። አድማሱን አልፎ የሚወጣ ዛፍ ባለበት ቦታ ግን ልስላሴው ወደ 5 ፒክስል ወርዶ በእጅ ተሠራ፤ ሰፊ ልስላሴ በዛፉ ዙሪያ ነጭ ጥላ ይተዋል።

የሰማዩ ሰማያዊ ትንሽ ጠልቆ የተደረገው በኮምፒውተር፣ በፓኖራማው ሙሉ ስፋት እኩል ነው። በፊልተር ተነስቶ ቢሆን በቀኝ ጫፍ 95 በመቶ፣ በግራ ጫፍ 24 በመቶ እየታዘዘ፣ የጠዋቱ ስህተት ጎኑን ቀይሮ ይመለስ ነበር።

ሁለተኛው ህትመት ግድግዳው ላይ ወጣ። በላዩ ላይ የቀሩ ጥቂት ብልጭታዎች አሉ፤ ሁሉም የመስጊድና የቤተ ክርስቲያን ጉልላቶች ናቸው። ጉልላት ክብ ስለሆነ በሁሉም አቅጣጫ የሚያይ ገጽ አለው፤ ፀሐይ የትም ብትሆን አንዲት ነጥብ ወደ ካሜራው ትመልሳለች። ጉልላቱ ብረት ከሆነ ፊልተር አያነሳትም። እንዲነሱ አልተፈለገም፤ አንድ ነጥብ ብርሃን ለጉልላት ያምርበታል።

ይህንኑ ፎቶ በሰኔ ማንሳት ለሚፈልግ አንድ ነገር ይለወጣል። በዚያ ወር ፀሐይ በደሴ አናት ላይ አልፋ በስተሰሜን ትውላለች። በሰኔ አጋማሽ ከቀኑ 9 ሰዓት ያለችው በሰሜን ምዕራብ፣ 50 ዲግሪ ከፍታ ላይ ነው። ከፍተኛው ቀበቶ ወደ ሰሜን ሰሜን ምሥራቅ ስለሚዞር ፊልተሩ የሚያጠቁረው ጫፍ ከኮምቦልቻ በኩል ወደ ሐይቅ በኩል ይሻገራል። ነጩ ነጥብ፣ የ17 ዲግሪው መስመርና የሁለት ዙር አነሳሱ ግን እንዳሉ ያገለግላሉ።